የኤልካና ሄድሊን አባት

ኤፕሪል 24፣ እሑድ

ዛሬ በስንት ልመና ወንድሜን አስተፋሁት። ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ያቺን ጣት የምታህል ብልቃጥ በምራቁ እስኪሞላ ድረስ ሲያማርር ቆየ።

«ሰባ ሁለት ዓመት ማን እንደሆንኩ አውቄ ኖሬ፣ አሁን ምራቄን በፖስታ ልላክ?»

«ስለ አንተ አይደለም ዋረን፤ ስለ ኤልካና ነው።»

«ታዲያ እሱ ይትፋ።»

ኤልካና ሄድሊን ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1637 ከእንግሊዝ መጥቶ እዚህ ፔምሳክ ሰፈረ፤ በዚህ የማሳቹሴትስ ዳርቻ ሄድሊን የሚባል ሁሉ ከእሱ ወረደ። የማን ልጅ እንደነበረ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም። የአባዬ አጎት የዛሬ መቶ ዓመት መጽሐፍ ጽፎ፣ ኔዘር ኮምብ የሚባል መንደር ጌታ የነበረው የሪቻርድ ሄድሊን ልጅ ነው አለን። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም የጌታ ልጆች ሆነን ቀረን። ማስረጃው? እዚያ መንደር የጥምቀት መዝገብ ላይ ያው ስም አለ። ይኸው ነው።

በኦገስት የቤተሰቡ ጉባኤ ላይ፣ አሮጌው መቃብር ቦታ ውስጥ አዲስ የግራናይት ድንጋይ ይመረቃል። «የኔዘር ኮምቡ የሪቻርድ ልጅ» ተብሎ ተቀርጾበታል። ድንጋዩን ያዘዘው የቤተሰብ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ዋረን ነው። እኔ የማኅበሩ ታሪክ ጸሐፊ ነኝ፤ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ በኋላ «ይቅርታ፣ ተሳስተናል» ማለት ደግሞ ያስቸግራል። ስለዚህ እርግጡን ፈለግሁ። በወንድ በኩል የሚወርድ የዘር ምልክት አለ፤ ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ ያልፋል። ዋረን ከኤልካና የመጀመሪያ ልጅ ነው የሚወለደው፤ የሜይኑ ዘመዳችን ድዋይት ከሁለተኛው፤ አንድ የኦሃዮ ሰው ከሦስተኛው። ከሪቻርድ ቤት ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ገበሬ እሺ ብሎ ተፍቷል። የአራቱ ምራቅ ከተስማማ ነገሩ አበቃ።

ዋረን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ውጤቱ መጀመሪያ የሚመጣው ለማን ነው?» አለኝ። «ለእኔ» ስለው ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ።

ሜይ 1፣ እሑድ

መጦሪያው ሄጄ እማዬን ጠየቅኋት። ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፣ አንዳንድ ቀን ነርሷ እመስላታለሁ። ዛሬ ገና ከመቀመጤ «ድርቆሹ ገባ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ገና ሜይ ነው። ሳሩ መች አደገና።»

«ዝናብ እየመጣ ነው እኮ። እሱ ደግሞ ብቻውን ነው ሜዳው ላይ።»

አባዬን ነው የምትለው መሰለኝ። አባዬ እኮ ድርቆሽ አጠገብ ከደረሰ ዓይኑ እስኪጠፋ የሚያስነጥሰው ሰው ነበር፤ ዕድሜውን የገፋው ሱቁ ውስጥ ሚስማር ሲሸጥ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ማረም ልማዴ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም። እማዬ አንዲት የማታውቃት ሴት እንደተቆጣቻት ሁሉ ፊቷን አዞረች። ምን ነበር ዝም ብል።

ሜይ 9

በችኮላ። እንግሊዝ ያለችው ደግ ሴት የመዝገቡን ፎቶ ልካልኛለች። የሪቻርድ ልጅ ኤልካና ተጠመቀ፣ 1615። ጎበዝ። ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ፣ በዚያው እጅ ጽሕፈት፦ የሪቻርድ ልጅ ኤልካና ተቀበረ።

በአራት ዓመቱ። ተቀበረ።

መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ የቀብሩን ገጽ አላገላበጠም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ የምንፈልገውን ጥምቀት ስናገኝ መጽሐፉን ዘግተን ድንጋይ ለማዘዝ እንሮጣለን። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ።

ሜይ 12

ለዋረን ደወልኩለት።

«ታዲያ ሌላ ወንድ ወልደው የሟቹን ስም ሰጡት» አለኝ ወዲያው። እውነት ነው፤ ያን ዘመን ልጅ ሲሞት ስሙን ለሚቀጥለው ማውረስ የተለመደ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል አይደለም፣ ሆኗል። ድንጋዩ ተቀርጿል ፕሩ።»

«ድንጋይ ስለተቀረጸ ልጅ አይወለድም።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ቆፋሪ። ልጅ ሆነሽም የአበባ ሥር እየነቀልሽ በቅሏል ወይ ብለሽ ታዪ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያው ነገር መጣብኝ። የዚያን ጊዜ ሰዎች የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን በአባታቸው ስም ነበር የሚጠሩት። ኤልካና አምስት ወንዶች ወልዶ አንዱን እንኳ ሪቻርድ አላለም። የመጀመሪያውን ጆብ አለው። ጆብ ስኮቪል ኤልካናን ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱ አስገብቶ ያሠራው በርሜል ሠሪ ነው። ይህን ካየሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ዓይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ልቤ አላርፍ ብሎ ያንኑ ሳህን ሁለቴ አጠብኩ።

ሜይ 30፣ ሰኞ

የጦር ሙታን መታሰቢያ ቀን። ጠዋት አባዬ መቃብር ላይ ባንዲራ ተከልን፤ ከሰዓት ዋረን ጓሮ ነበርን። ድዋይት ከሜይን መጥቶ ነበር፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ ፊቱ ቀልቶ የተቀቀለ ሎብስተር መስሎ ዋለ።

«ይገርመኛል» አለ ዋረንን እያየ። «ሄድሊን ሁሉ ፀሐይ ሲያይ ይላጣል። አንተ ብቻ ነህ እንደ ዳቦ የምትጠይመው።»

ሎይስ፣ የዋረን ሚስት፣ «እሱ ሜዳ ላይ ነዋ ያደገው» አለች። ዋረን እሳቱ ላይ ያለውን ሥጋ አገላበጠ።

ከዚያ ድዋይት የዶናን ነገር አነሣ። ዶና እህቱ በማደጎ ያሳደገቻት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት የማኅበሩ አባል ልሁን ብላ ስትጠይቅ ዋረን «ደንቡ በደም የተወለደ ይላል» ብሎ መለሳት። ደንቡን የጻፈው ራሱ ነው።

«ልጅቷ እኮ አልቅሳ ነው የሄደችው» አለው ድዋይት።

«እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ደንብ ነው። ዛሬ ለእሷ ከከፈትን ነገ ማንም ይገባል።»

«ይግባ። ድንች ሰላጣው እንደሆነ ሁልጊዜ ይተርፋል።»

ሁሉም ሳቁ፤ ዋረን ግን አልሳቀም። እኔም ለዶና አንዲት ቃል አልተናገርኩላትም፤ አፌን በድንች ሰላጣ ሞላሁት።

ጁን 17

የማኒ ፉርታዶ ወንድም የልጅ ልጅ ድሮ የኛ የነበረውን ሜዳ እያጨደ ነው። ሽታው በመስኮት ገብቶ ሥራ አስፈታኝ። አባዬ በ1942 ወደ ባሕር ኃይል ሲሄድ ሜዳውን በእኩል ያረሰልን ማኒ ፉርታዶ ነበር፤ ከአሶረስ ደሴቶች የመጣ ፖርቱጋላዊ። አባዬ ከተመለሰ በኋላም ድርቆሹን ማኒ ነበር የሚያስገባው። ለፋሲካ እንቁላል መሐሉ ላይ የተጋገረበት ጣፋጭ ዳቦ ያመጣልን ነበር። ሚስት አላገባም። ዋረንን በዚያ እጀታው በረዘመ ማጭድ ማጨድ አስተማረው፤ እኔን ግን «አንቺ እግርሽን ትቆርጪዋለሽ» ብሎ ከለከለኝ፤ አለቀስኩ። ማኒ ሲሞት ዋረን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ምን አገባህ ስለው «ሰው አንሷቸው ነው» አለኝ።

ለምን ይህን ሁሉ እጽፋለሁ? ኤልካናን እየፈለግሁ ነው፤ ሽታው ነው ያዘናጋኝ።

ጁላይ 5

መጣ።

ድዋይትና የኦሃዮው ሰው ተስማምተዋል። ስለዚህ የኤልካናን ምልክት አገኘን። እንግሊዛዊው ገበሬ ከእነሱ ጋር አይገናኝም፤ ፈጽሞ። ኤልካና የሪቻርድ ልጅ አይደለም። የመጀመሪያውም ልጅ አይደለም፣ ሁለተኛውም አይደለም። የማን እንደሆነ አናውቅም።

ዋረን ከማንም ጋር አልተስማማም።

ከእንግሊዛዊው ጋር አይደለም። ከድዋይትም ጋር አይደለም።

ብልቃጡ ተቀያይሮ ይሆናል።

ጁላይ 6

አልተቀያየረም፤ ምራቁን የመረመሩት ጋ ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና መለሰችልኝ፤ ትሕትናዋ አናደደኝ። በዘር ምልክቱ ለዋረን በጣም የሚቀርበው ፎል ሪቨር ከተማ የሚኖር መዴይሮስ የሚባል ሰው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው አሶረስ ውስጥ ነው።

ይህ ምንም ማለት አይደለም። በኤልካናና በዋረን መካከል ስንት አያት አለ። በዚህ ዳርቻ ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል። አንዱ ቅድመ አያት ዓሣ ነባሪ ሊያድን ወጥቶ ሦስት ዓመት ጠፍቶ ይሆናል፤ ሚስቱም ሰው ናት። ዛሬ ከሰዓት በሙሉ በ1700ዎቹ ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ።

በዚያ ላይ እማዬ በ1943 አባዬን ለማግኘት በባቡር ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዳለች። አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ይህን የባቡር ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነግር ነበር፤ ዋረንን ያገኙት በዚያ ጉዞ ነው እያለች። ስለዚህ።

ድዋይት ደወለ።

«ፕሩ፣ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ ምንም አልልም።»

«በል እንግዲህ አትበል።»

ጁላይ 10፣ እሑድ

«ድርቆሹ ገባ?»

ዛሬ አላረምኳትም። «ማን ነው ሜዳው ላይ ያለው እማዬ?» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። እንዲህ አጥብቃ ከያዘችኝ ቆይታለች። ወደ በሩ አየችና «ቀስ በይ» አለችኝ። «አማቴ ትሰማለች።»

ባለፈው ሳምንት መድኃኒቷን ቀይረውላታል። ነርሷን መጠየቅ አለብኝ።

ጁላይ 19

እንቅልፍ ባይኔ አልዞር ካለ ሰነበተ። ዛሬ ዋረን ቲማቲም ይዞልኝ መጣ። «ውጤቱ መጣ?» አለኝ። «ገና» አልኩት። ዋሸሁ፤ ለዚያውም ዓይኑን እያየሁ። «ሲመጣ ንገሪኝ» ብሎ እንዳለ ቆመ፣ የሚጨምረው ያለ ይመስል። ከዚያ ቲማቲሙን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደርድሮ ሄደ።

ማታ ድዋይት ደወለ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ዋረን በነሐስ ፊደል ያስቀረጸውን ደንብ እናውቃለን» አለኝ። «ጉባኤው ሊቀ መንበሩን መልሶ ይመርጣል። ዶና ደግሞ ዘንድሮም እመጣለሁ ብላለች። ዋረን በዚያ ደንብ ሁለተኛ ሲመልሳት እኔ ተቀምጬ ማየት አልችልም፤ የማውቀውን እያወቅሁ አልችልም።»

«ጊዜ ስጠኝ።»

«አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ። ከእኔ መስማት የለበትም ግን። ያንን ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ወንድሜ በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ሄድሊን መሆኑ ነው። ነዳጅ እያዞረ ይሸጥበት የነበረውን መኪና በር ላይ ሳይቀር «ሄድሊን፣ ከ1637 ጀምሮ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ በ1637 የማሞቂያ ነዳጅ ይሸጥ ይመስል። ይህን ከእሱ ላይ እኔ ልውሰድበት? ሆድ ይፍጀው ብል ደግሞ ድዋይት አለ። ምራቁን ለምን ለመንኩት? ሦስት ወር ሙሉ ለምኜ፣ ለምኜ። የአበባ ሥር።

ጁላይ 28

ሄድኩ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ የዋረንን ቤት አየሁት። ተመለስኩ።

ኦገስት 6፣ ቅዳሜ

ነገርኩት። ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው፣ ነገ ማሳመር እንዳልጀምር።

አሮጌው መቃብር ቦታ ነበር፤ በሸራ የተሸፈነውን ድንጋይ ዙሪያ ሳሩን በመቀስ እየከረከመ። ጎንበስ እንዳለ ከኤልካና ጀመርኩለት። እንግሊዛዊው አይመሳሰልም፣ ኤልካና የሪቻርድ ልጅ አይደለም፣ የማን እንደሆነ ምናልባት መቼም አናውቅም አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ።

«እኔስ?» አለኝ።

«አንተስ ምን?»

«ፕሩ። እኔን ምን አለ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ስለ 1700ዎቹ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ አዳኞች መለፍለፍ ጀመርኩ። ባቡሩንም አነሣሁ። እጁን አነሣና ዝም አሰኘኝ።

«ባቡር አልነበረም» አለ። «ባቡሩን አያታችን ናት የፈጠረችው። አባዬ ከ1942 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመለስ እኔ እየሮጥኩ ነበር። አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ፤ እንዴት አልቆጠርሽም?»

እንዴት አልቆጠርኩም? ድንጋዩ መሠረት ላይ ቁጭ አልኩ።

«መቼ አወቅህ?»

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ማኒ ማጭዱን ስሎ ሲያቀብለኝ መዳፉን ከመዳፌ አጠገብ ዘረጋው። ይህን አየሽው?» አውራ ጣቱን ወደ ኋላ አጠፈው፤ ያ ስናድግ ስስቅበት የኖርኩት ጠማማ ጣት። «የእሱም ልክ እንዲህ ነበር። ከዚያ ድርቆሹን አስገባን።»

«አባዬስ?»

«አባዬ አንድ ቀን እንኳ ልጄ አይደለህም የሚል ዓይን አላሳየኝም። በየበጋው ሜዳው ላይ ሲልከኝ ኮፍያዬን ራሱ ነበር የሚያደርግልኝ። እያስነጠሰ አጥሩ ድረስ ይሸኘኝና ይመለሳል።»

ይህን ሲል አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት አባዬ የሞተ ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬ ሁለተኛው ነው። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ እንኳ ለሁሉም ነገር ነው የማለቅሰው።

«ታዲያ ለምን ተፋህ?» አልኩት በኋላ።

«ሦስት ወር ለመንሽኝ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ደክሞኝ ነው ፕሩ። እኔ አፌን ከምከፍት ማሽኑ ይናገር ብዬ። አንቺ ደግሞ ውጤቱን ይዘሽ ቁጭ አልሽ።»

ከዚያ ስለ ዶና ጠየቅሁት። ያቺን ልጅ ለምን መለስካት፣ አንተ ከሁሉም በላይ የምታውቀው ሰው? መቀሱን አንሥቶ ከረከመ፣ ከረከመ።

«በሩን የሚጠብቀውን ሰው አንተስ ከየት ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም» አለ።

ኦገስት 10

ዋረን ድንጋይ ጠራቢው ጋ እንደሄደ ሎይስ ነገረችኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልነገራትም። እኔንም አልነገረኝም። ለድዋይት «ነግሬዋለሁ» ብቻ አልኩት። የአትክልት ቦታዬን ሳርም አንድ ሙሉ መስመር ካሮት ከአረሙ ጋር ነቅዬ ጣልኩ።

ኦገስት 13፣ ቅዳሜ

ድካም እንደ ጨርቅ አድርጎኛል፤ ግን ይጻፍ።

ዋረን እንደ ወትሮው ገና ሳይነጋ ለጉባኤው ምግብ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ድንጋዮች በእሳት አግሎ፣ የባሕር ሣሩን ነስንሶ፣ ክላም የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከነዛጎሉ፣ በቆሎውንም ደራርቦ፣ በእንፋሎት እንዲበስል በሸራ ሸፈነ። ከዚያ እጁን ታጥቦ መጥቶ ሌላውን ሸራ ከግራናይቱ ድንጋይ ላይ አነሣ።

«ኤልካና ሄድሊን። በ1637 ወደዚህ መጣ።» ከሥሩ የነበረው መስመር ተፍቆ ጠፍቷል፤ ቦታው ሻካራ ሆኖ በደንብ ይታያል።

«የማን ልጅ እንደሆነ የት ሄደ?» አለች አንዲት አክስት ከኋላ።

«አናውቅም» አለ ዋረን። «መቶ ዓመት የነገርናችሁ ልክ አልነበረም። ሪቻርድ አባቱ አይደለም። በርሜል ሠሪው ጆብ ስኮቪል አሳደገው፤ እሱም የመጀመሪያ ልጁን በጆብ ስም ጠራ። ከዚህ የበለጠ የምናውቀው የለም።»

አሁን ይቀመጣል ስል አልተቀመጠም።

«ሌላም አለ። በምርመራው እኔ ከኤልካና አልወለድም። አባቴ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ የወለደኝ ደግሞ ማኒ ፉርታዶ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ራሴ በጻፍኩት ደንብ መሠረት ሊቀ መንበር መሆን አልችልም፤ አባልም አይደለሁም። ዶና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አጥፍቻለሁ።»

ሄዶ ከሁሉ ኋላ፣ ከዶና አጠገብ ባለችው ወንበር ተቀመጠ። እኔ ተነሣሁና ያ የደም ነገር ከደንቡ ይውጣ አልኩ። እጅ አውጡ ሲባል ዶና ቀድማ አወጣች።

«አንቺ እኮ አባል አይደለሽም» አለቻት ያቺው አክስት።

«እሱም አይደለም» አለች ዶና፤ የዋረንም እጅ መውጣቱን እያሳየች።

ሳቁ ጀመረ። ድዋይት በሳቁ መሐል «ደንቡን ቶሎ አጥፉት» አለ፣ «ይህ ሰው ከማኅበሩ ከወጣ ክላሙን የሚያወጣልን የለም።» ደንቡ ተሻረ። ሁሉም እጅ አላወጣም፤ ሁለት ቤተሰብ ሳይበሉ ሄደዋል። ዋረን ሲሄዱ አይቷቸዋል። ቀና ብሎ ክላሙን አወጣ።

ኦገስት 14፣ እሑድ

ዋረን ከእኔ ጋር እማዬ ጋ ሄደ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። እሱን ታውቀው አታውቀው እንጃ። ረጅም ጊዜ አየችውና «ድርቆሹ ገባ?» አለችው።

«ገባ እማዬ» አላት። «ሳይዘንብ አስገባነው። አግዤዋለሁ።»

«እሱስ?»

ዋረን ወደ እኔ አየ። የማርመው ነገር አልነበረኝም።

«ውጭ ነው» አላት። «እጁን እየታጠበ ነው።»

«ታዲያ ግባ በለው እንጂ» አለች እማዬ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ሳህኑን አቅርቤለታለሁ።»

ዋረን ተነሥቶ ሄዶ በሩን ከፈተው።